ባሻ የጾመበት ዓመት

በልጅነቴ በግቢያችን ውስጥ ከሁሉም አጥብቆ የሚጾመው አውራው በግ ነበር።

ስሙ ባሻ ይባላል። ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ሽርጥ ከሆዱ ስር ተንጠልጥሎ፣ በወገቡ ዙሪያ በሲባጎ ታስሮለት፣ ከራጉኤል ጀርባ ባለው ጠባብ ግቢያችን እንደ ሰፈር ሽማግሌ ይንጎራደዳል። ሽርጡ ለምን እንደሆነ ባለቤቱን እትዬ ሸዋርካብሽን ስጠይቃቸው፣ ጭድ ከሚበትኑበት ቀና ሳይሉ፣

«ጾም ይዞ ነው» አሉኝ።

«እስከ መቼ?»

«እስክፈታው።»

ሰባት ዓመቴ ነበር። አመንኳቸው።

ግቢው የሁለት ቤት ነው። በአንዱ በኩል እኔና እናቴ ሰዓደት፣ በሌላው በኩል እትዬ ሸዋርካብሽ። እናቴ ከነጋዴዎች ባዶ ጆንያ እየሰበሰበች፣ የተቀደደውን በረጅም መርፌ ሰፍታ መልሳ ትሸጣለች። ቤታችን በርበሬም ስኳርም ቡናም ይሸታል፤ ምን ምን እንደሚሸት የሚወሰነው በሳምንቱ ጆንያ ነው። እትዬ ሸዋርካብሽ የመንዝ ሰው ናቸው። ባላቸው ሞተው፣ ልጆቻቸው ተበትነው፣ መርካቶ መሃል ሆነውም በግ ካላዩ አይነጋላቸውም። የእሳቸው ባሻና ቡሬ የምትባል ሴት በግ ነበሩ፤ የእኛ ደግሞ አባቴ ትቶልን የሞተው ዳማ። ሦስቱም ከአንድ ቆርቆሮ ስር ያድራሉ፤ አንድ ላይ የጎመን ቅጠልና ፉርሽካ ይበላሉ።

አሁን እንጀራዬ በግ ነው። ስኮትላንድ ድረስ ሄጄ ስድስት ዓመት የተማርኩት ስለ በግ መራባት ነው። እዚያ ሴት በግ አውራ የምትፈልገው የሙቀቱ ወራት አልፎ ቀኑ ማጠር ሲጀምር ብቻ ነው፤ ግልገሎቹም ብርዱ ሲያልፍ በአንድ ሰሞን ይወለዳሉ። ማንም አይወስንም፤ የሚወስነው ፀሐይ ነው። እኛ ጋ ግን ሌሊትና ቀኑ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊሆን ምንም አይቀረው። ጠግባ ያደረች በግ በየትኛውም ወር ታረግዛለች። መምህሬ በመጀመሪያው ሳምንት «እናንተ አገር በጎች መቼ ይወልዳሉ?» ሲለኝ፣ «ሽርጡ ከተፈታ በአምስት ወሩ» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እሱ ግን ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

በልጅነቴ ግን ይህን አላውቅም። የማውቀው ጾሙን ነበር።

አጎቴ ሙናዊር ከቡታጅራ ወዲያ ካለው አገራችን የመጡት በ1988 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ነው። አባቴ አዩብ ከሞተ ስምንት ወሩ ነበር። እኔ ከጆንያ ክምር ጀርባ ተቀምጬ በሲባጎ ቁራጭ እጫወታለሁ፤ ትልልቆቹ የሌለሁ መስሏቸዋል።

«ልጅቷ የወንድሜ ልጅ ናት» አሉ አጎቴ። «ከእኛ ጋር ትደግ።»

«ከእኔ ጋር ምን ጎደለባት?»

«መርካቶ ነዋ ሰዓደት! አንቺ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ስትሰፊ ማን ያያታል? ብቻሽን ምን ልታሳድጊ? እዚህ ዶሮ እንኳ አይበረክትልሽም።»

የእናቴ መርፌ ቆመ። መርፌው ሲቆም ቤቱ ጸጥ ይላል።

«በግ ባሳድግስ?»

«ምን?»

«በዚህ ግቢ የተወለደ፣ በእጄ ያደገ፣ ዓመት የሞላው ጠቦት ይዤ መጥቼ፣ በአባቷ ደጅ ለአረፋ ባሳርድ ይተዉኛል? የዘንድሮው አረፋ አይደርስም፤ የሚቀጥለው።»

አጎቴ ሳቁ። «ከገበያ ጎትተሽ ብትመጪ በምን አውቃለሁ?»

«ወላሂ እላለሁ።»

አጎቴ መሳቃቸውን አቆሙ። እናቴ በከንቱ እንደማትምል ዘመድ ሁሉ ያውቃል።

«እሺ። ወላሂ ካልሽ አምናለሁ። ዓመት ያልሞላው ከሆነ ግን ለእርዱም አይሆንም፤ ልጅቷም ትመጣለች።»

«ትመጣለች» አለች እናቴ።

ከጆንያው ጀርባ ሆኜ የገባኝ ከሁለት አንዳችን አገር ቤት እንደምንቀር ነበር፤ ወይ እኔ ወይ በጉ። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ አላገኘሁለትም።

አጎቴ እንደወጡ እናቴ ጣቶቿን እየቆጠረች ከአረፋ ወደ ኋላ ሄደች። «አንድ ዓመት… ከዚያ አምስት ወር…» ስትጨርስ እጇ ወረደ። ተነሥታ ወደ እትዬ ሸዋርካብሽ ደጅ ሄደች፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት።

«እትዬ፣ ባሻን ይፍቱልኝ።»

«መጋቢት ላይ ነው አልኩሽ እኮ ሰዓዲ። ነሐሴ ላይ ሣሩ ሲፋፋ ይወልዳሉ።»

«ነሐሴ ለእኔ አይደርስም። ዓመት ሳይሞላው አረፋ ይመጣል።»

«አሁን ከፈታሁት ቡሬም ታረግዛለች። ሚያዝያ ላይ ምን ላብላት? ጭድ በወርቅ በሚሸጥበት ጊዜ? ወተት አይኖራት፤ ግልገሏ ይሞትብኛል።»

«ቡሬን ለብቻ እንሰራት።»

«የት? አልጋዬ ስር?»

«ልጄን ሊወስዱብኝ ነው እትዬ።»

እትዬ ሸዋርካብሽ ጭዱን መልሰው መበተን ጀመሩ። ከዚያ፣ «ሌላ አውራ ፈልጊ» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር።

እናቴ ሦስት ቀን ፈለገች። መርካቶ የመጣው በግ ሁሉ ለቢላ የመጣ ሙክት ነበር፤ የተኮላሸ። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ማዶ አንድ አውራ አግኝታ ባለቤቱ እምቢ አላት። በሦስተኛው ቀን አቧራ ለብሳ ተመለሰች፤ መርፌዋን አነሣች። እኔ ከነገሩ ሁሉ የገባኝ እናቴ የበጉን ጾም ልታስገድፍ እንደለመነች፣ እትዬ ሸዋርካብሽ ደግሞ ሃይማኖተኛ ስለሆኑ እንደከለከሉ ነው። በልቤ ለእትዬ ሸዋርካብሽ ፈረድኩ።

ኅዳር ስድስት የቁስቋም በዓል ነው። እትዬ ሸዋርካብሽ ነጠላቸውን አጣፍተው በማለዳ ወደ ቁስቋም ወጡ፤ በየዓመቱ ሲሄዱ ቀኑን ሙሉ እዚያው ይውላሉ። በዚያን ቀን ዳማን ምን እንደነካት አላውቅም፤ ትጮኻለች፣ ጅራቷን ታወዛውዛለች፣ ባሻን በጎኗ እየገፋች ከአጠገቡ አልሄድ አለች። እናቴ መርፌዋን ይዛ ዳማን ታያለች። ጆንያውን ሳይሆን ጣቷን ስትወጋ አየኋት።

«ሪሃና፣ ሶማሌ ተራ ጋሼ ጠይብ ሱቅ ሂጂና ሲባጎ አምጪ።»

«ሲባጎ አለ እኮ» አልኳት። እግሯ ስር ያልተነካ ድቡልቡል ነበር።

«ሌላ አምጪ። ሰው ቢያስቆምሽ አትቁሚ፤ ስትመለሺም አትሩጪ።»

አልሮጥኩም። ተሸካሚዎቹ «ዞር በል! ዞር በል ማሙሽዬ!» እያሉ ሲገፈትሩኝ፣ ሴት መሆኔን ለማስረዳት እየቆምኩ፣ በዝግታ ሄጄ በዝግታ ተመለስኩ። ስመለስ የባሻ ሽርጥ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ተሰጥቶ ውኃ ያንጠባጥባል። ባሻ ራቁቱን ቆሟል፤ ዳማ ከቡሬ ጎን ዝም ብላ ቅጠል ትበላለች።

«ጾሙን ፈታ?» አልኩ ደንግጬ።

«ሽርጡ ቆሽሾ ነው ያጠብኩት» አለች እናቴ። «እስኪደርቅ ነው።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረቀ፤ መልሳ አሰረችለት። እትዬ ሸዋርካብሽ የበዓል ዳቦ ይዘው ሲመጡ ንጹሑን ሽርጥ አይተው፣ «አጠብሽልኝ?» አሉ።

«ሸቶኝ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ ሰዓዲ» አሉና ትልቁን ቁራሽ ለእናቴ ሰጧት። እናቴ ዳቦውን ተቀብላ ለእኔ አቀበለችኝ። አንድም ጉርሻ አልቀመሰችም።

ጥር ላይ ረመዳን ገባ። እኔ እስከ ቀትር እየጾምኩ እንደ ትልቅ ሰው መኩራራት የጀመርኩት በዚያ ዓመት ነው። ከአንዋር መስጊድ የመግሪብ አዛን ሲሰማ እናቴ በቴምር አፍጥራ ወደ ሰላቷ ትሄዳለች። በዚያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ሁሉም ጾመኛ ፀሐይ ስትጠልቅ ያፈጥራል። ባሻ ግን ቀንም ሌሊትም ታስሮ ነው የሚያድረው! የማን ሃይማኖት ነው እንዲህ የሚለው?

እናም እናቴ ግንባሯን መሬት ስታስነካ፣ እኔ ግማሽ ቴምር በመዳፌ ይዤ ወደ ቆርቆሮው እሮጣለሁ። «ቢስሚላህ» ብዬ ሲባጎውን እፈታለሁ። ባሻ ቴምሩን ይበላል፣ እጄን ይልሳል፣ ቆሞ ያመነዥካል። እናቴ ሰላቷን ሳታበቃ መልሼ አስራለሁ። አንድ ቀን ብቻ ረሳሁ፤ ይቅርታ ጠየቅሁት።

በእነዚያ ምሽቶች ዳማና ቡሬ ወደ ባሻ ዞረው አይተው አያውቁም። ይህን ያኔም አየሁ፤ ግን ያየሁትን ነገር ለመጠየቅ ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል እትዬ ሸዋርካብሽ ባሻን ሊፈቱ መጡ። ሲጎነበሱ እጃቸው ሲባጎው ላይ ቀረ። የዳማን ሆድ አዩ፤ የቡሬን ሆድ አዩ።

«ማነው የፈታው?»

እንዲህ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ ከበራችን ላይ ጆንያ እየሰፋች ነበር። መርፌው ቆመ። አፏን ልትከፍት ስትል እኔ ቀደምኳት።

«እኔ ነኝ እትዬ! ማታ ማታ አስፈጥረው ነበር። በረመዳን። ቴምር ነው የሰጠሁት።»

እትዬ ሸዋርካብሽ ቁጢጥ ብለው ከዳማ ስር እጃቸውን ሰደዱ፤ ጡቷን ዳበሱ፤ ረጅም ጊዜ እዚያው ቆዩ። ሲነሡ ያዩት እኔን ነው። እናቴን አላዩም።

«ስንት ቀን አስፈጠርሽው?»

«ሁሉንም። አንድ ቀን ብቻ ረስቼ ነው።»

ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «በይ እንግዲያው» አሉ፣ «ያጎደልሽበትን ቀን ሁሉ ቀዷውን ታወጪያለሽ!» ባለማተብ ጎረቤታችን ቀዷ የሚለውን ከእኛ ነው የተማሩት፤ የተበላ የጾም ቀን በሌላ ጊዜ እንደሚከፈል ያውቃሉ። እናቴ አልሳቀችም። ወደ ቤት ገብታ በሩን መለሰችው።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ ስድስት ዋለ። ዳማ ምጥ የያዛት በማለዳ ነው፤ እትዬ ሸዋርካብሽ ጾማቸውን ሊፈቱ ዶሮ ወጣቸውን ሲያቀርቡ። እጃቸው ቅቤ ቅቤ እየሸተተ ግልገሉን ተቀበሉት። እግሮቹን ከፍተው አዩና፣ «ወንድ!» አሉ። እናቴ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች፤ ቀሚሷ መበላሸቱን እንኳ አላስተዋለችም። ሴት ግልገል ብትሆን ኖሮ ያ ሁሉ ከንቱ ይሆን እንደነበር ያኔ አልገባኝም።

ቡሬ በአራተኛው ቀን ወለደች። ወተት አልነበራትም። እናቴ የቡሬን ግልገል ወደ ዳማ እየወሰደች ልታጠባው ሞከረች፤ ዳማ በእግሯ ገፋችው። በጠርሙስ ሞከረች፤ ሥራዋን ትታ፣ ጆንያው ተከምሮ፣ ቀን ከሌት። በዘጠነኛው ቀን ሞተ። እትዬ ሸዋርካብሽ ማንንም አልወቀሱም። እኔ ግን ገዳዩ ማን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ቴምር አልነካሁም።

የእኛ ግልገል አደገ። በሚቀጥለው ዓመት አረፋ ሚያዝያ አሥር ላይ ደረሰ። ጠቦቱ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ከእኛ ጋር ቡታጅራን አልፎ አገራችን ገባ። በአባቴ ደጅ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል። አጎቴ ሙናዊር የጠቦቱን አፍ ከፍተው ጥርሱን አዩ። የወተት ጥርሱ ገና አልወደቀም። ዘጠኝ ወርም ይሁን ዓመት፣ ጥርሱ አይናገርም።

«ዓመት ሞልቶታል?»

«በእኛም በክርስቲያኖቹም አቆጣጠር ሞልቶታል» አለች እናቴ። «ወላሂ።»

አጎቴ አዩዋት። እሷም አየቻቸው። ከዚያ ገመዱን ተቀበሉና፣ «ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትመለስ» አሉ ለተሰበሰበው ሰው። በጉ አገር ቤት ቀረ። እኔ መርካቶ ተመለስኩ።

በተመለስን ማግስት እናቴ ዳማን ፈትታ በእትዬ ሸዋርካብሽ በኩል ወስዳ አሰረቻት። «የበግ ነገር ሰልችቶኛል፤ እርስዎ ይያዙልኝ» አለች። አመንኳት፤ የሚሰለች ነገር ነው ብዬ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ፣ ስኮትላንድ፣ የበግ እርግዝና መቶ ሃምሳ ቀን ገደማ መሆኑን ስማር እርሳሴን አስቀመጥኩ። የፈታሁት በረመዳን ነው፤ ጥር ውስጥ። አምስት ወር ሲጨመር ሰኔ። ከሰኔ እስከ አረፋ አሥር ወር አይሞላም። እናቴ በአባቴ ደጅ በሐሰት ምላለች ማለት ነው፤ ያስማልኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ በስልክ ስናወራ «ወላሂ» ባለች ቁጥር ሌላ ወሬ አነሣ ነበር።

ከተመለስኩ ሁለት ዓመቴ ነው። በሁለት ዓመት ሦስት መሥሪያ ቤት ቀይሬያለሁ፤ የትኛውም የመምህሬን ጥያቄ አልመለሰልኝም። የአሁኑ ሥራዬ ገጠር እየዞርኩ ገበሬ መጠየቅ ነው፤ በጎችህ መቼ ይወልዳሉ? ቅጹ ላይ ወሩን እሞላለሁ፤ ከዚያ ምክንያቱን፤ ዝናብ፣ መኖ። ሰዎቹ ግን ወር አይነግሩኝም። በዓል ነው የሚነግሩኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት፣ «ይቺ የፋሲካ ለት ነው የወለደች፤ ቅቤ በነካ እጄ ነው የተቀበልኩላት» አለችኝ።

ብዕሬ ቆመ። እጃቸው ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር። የእኛ ግልገል የተወለደው ለፋሲካ ነው፤ ሰኔ ላይ አይደለም። ይህን ሁልጊዜ አውቃለሁ፤ አንድም ቀን ግን ከቁጥሩ ጋር አገናኝቼው አላውቅም። ቅጹን ገልብጬ ጀርባው ላይ በእኛ ወር ቆጠርኩ። ሠላሳ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ። መቶ ሃምሳ። ከሚያዝያ ስድስት ወደ ኋላ፣ ኅዳር ስድስት።

ቁስቋም። ገመድ ላይ ውኃ የሚያንጠባጥብ ሽርጥ። ዳማና ቡሬ በረመዳን ምሽቶች ወደ ባሻ ያልዞሩት ቀድመው አርግዘው ስለነበር ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ «መቼ» ብዬ ስጠይቅ፣ «ማን ፈታው» ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እናቴ አሁንም እዚያው ናት። ጆንያ መስፋት ትታ ባዶውን ብቻ ታከፋፍላለች፤ በዙሪያዋ ፎቅ በቅሏል። አጠገቧ ተቀምጬ፣ «ኅዳር ስድስት» አልኳት።

ጆንያ ማጠፏን አላቆመችም። ሦስት አጠፈች። በአራተኛው ላይ፣

«ወላሂ ያልኩት እውነት ነበር» አለች።

«አሁን አወቅሁ። አራት ቀን አልፎት ነበር።»

«ለአላህ አልዋሸሁም። ለእሳቸው ግን…» ጆንያውን ጭኗ ላይ አሳረፈችው። «ያን ቀን ልናገር ነበር፤ ቀደምሽኝ። ዝም አልኩ። ዳቦአቸውን ተቀብዬ ዓይናቸው እያየ እንደ መዋሸት ነው። ግን ሪሃና፣ ያ ቀን ዛሬ ቢመለስ፣ ዛሬም እፈታዋለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«እንዳትነግሪያቸው። አርጅተዋል፤ ከእኔ ጋር ነው ቡና የሚጠጡት።»

እትዬ ሸዋርካብሽ ፀሐይ ላይ በርጩማቸው ላይ ነበሩ። በግ የላቸውም አሁን፤ ዓይናቸውም ደክሟል። እጄን ይዘው ማንነቴን በጣቶቼ ለዩ። ልነግራቸው አልነበረም የሄድኩት። ግን ስድስት ዓመት የተማርኩት ነገር አፌ ላይ ነበር።

«እትዬ፣ በጥር አውራ ያገኛት በግ በመጋቢት ጡቷ ሞልቶ ያጋታል?»

ሳቁ፤ በዚያው አሮጌ ሳቅ።

«ለዚህ ነው ባሕር ማዶ የሄድሽው? እኔን ብትጠይቂኝ በማግስቱ እነግርሽ ነበር። የመንዝ ልጅ ነኝ እኮ። በእጄ ስዳብሳት ነው የቆጠርኩት፤ በዕለቱ። ወደ ኋላ ቁስቋም ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንቺ ነሽ ያልሽኝ። ለአንድ ግቢ አንድ ንስሐ ገቢ ይበቃል አልኩ።» እጄን ጠበቅ አደረጉት። «ደግሞ ሌላ አውራ ፈልጊ ብያት ስትሄድ፣ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ መፍታት ነበረብኝ። አልፈታሁም፤ እሷ ፈታች። ግልገሌ ሞተ፤ አንቺ ቀረሽ። እንዳወቅሁ ብታውቅ ከነገ ጀምሮ በዚህ በር አንገቷን ደፍታ ነው የምታልፍ። ሃያ ሁለት ዓመት ቀና ብላ አልፋለች። እንዳትነግሪያት።»

የእናቴ ጫማ ከኋላዬ ተሰማ። ሁለት ስኒ ቡና ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗ ከእኔ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ እኔ ይሄዳል።

«ምን እያወራችሁ ነው?»

ነገርን ሁሉ የምጠራጠር ሰው ነኝ። በዚያች ደቂቃ ግን አልተጠራጠርኩም።

«ባሻን ያስፈጠርኩበትን ረመዳን» አልኳት። «እኔ ፈትቼው፣ የእትዬን ግልገል እንዳስገደልኩባቸው።»

እናቴ ስኒውን ለእትዬ ሸዋርካብሽ አቀበለች።

«ቀዷውን ግን አውጥተሻል?» አሉኝ እትዬ ሸዋርካብሽ።

«ገና ነኝ» አልኩ። «እያወጣሁ ነው።»